ለጌም የትኛው ያዋጣል፦ ፒሲ (ኮምፒውተር) ወይስ ኮንሶል (ለጌም ተብሎ የተሠራ መሣሪያ)?

የክርክሩ ከፋች፦ «ኮንሶል ርካሽ ነው» የሚለው አባባል የመግዣውን ዋጋ ብቻ ስለሚያይ አልቀበለውም። ፕሌይስቴሽን 5 የተባለው ኮንሶል እ.ኤ.አ. በ2020 ሲወጣ ዲስክ የሚቀበለው ሞዴል በአሜሪካ ገበያ 499 ዶላር ነበር። ነገር ግን በገንዘብ የተገዛን ጌም ከሌሎች ጋር በኢንተርኔት ለመጫወት በአብዛኛው የፕሌይስቴሽን ፕላስ አባልነት ያስፈልጋል፤ የዝቅተኛው እርከን ዓመታዊ ክፍያም እ.ኤ.አ. በ2023 ከ60 ወደ 80 ዶላር ገደማ ከፍ ብሏል። በአምስት ዓመት 400 ዶላር ማለት ነው፤ መሣሪያውን ድጋሚ ለመግዛት ጥቂት የሚቀረው ገንዘብ! በፒሲ ግን ስቲም የተባለው የኢንተርኔት ጌም መሸጫ ለዚህ ምንም አያስከፍልም።

ተቃዋሚ፦ ወንድሜ፣ የፒሲውን ወጪ ለምን ዘለሉት? በዚያው በ2020 የወጣው አርቲኤክስ 3080 የተባለው ግራፊክስ ካርድ (የጌሙን ምስል የሚሠራው የኮምፒውተር ክፍል) ብቻውን መነሻ ዋጋው 699 ዶላር ነበር፤ የክሪፕቶ ገንዘብ ቆፋሪዎች (በኮምፒውተር ስሌት ዲጂታል ገንዘብ የሚያገኙ ሰዎች) ካርዱን ሲሻሙበት ደግሞ በዚያም ዋጋ ማግኘት ከባድ ሆኖ ቆይቷል። የኮንሶል አምራቾች ከሚሸጠው ጌም ድርሻ ስለሚያገኙ መሣሪያውን በትንሽ ትርፍ፣ አንዳንዴም በኪሳራ ይሸጣሉ፤ ፕሌይስቴሽን 3 ሲወጣ የሆነው ይኸው ነው። ለፒሲ ዕቃ ግን እንዲህ የሚደጉመን የለም። በዲስክ የገዛሁትንም ጌም ስጨርስ እሸጠዋለሁ፤ በስቲም አካውንት የተገዛ ጌም ግን አይሸጥም።

የክርክሩ ከፋች፦ 3080 ከፕሌይስቴሽን 5 በአቅም የሚበልጥ ካርድ ስለሆነ ንጽጽሩ ሚዛናዊ አይደለም። በዚያ ላይ ኮምፒውተር ለሥራም ለትምህርትም የሚገዛ ዕቃ ነው፤ ኮምፒውተር ያለው ሰው የሚጨምረው ካርድ ብቻ ነው።

ሦስተኛ ተከራካሪ፦ «ካርድ ብቻ» የሚለውን እኔም አምኜ ነበር። ለቢሮ ሥራ የተሠራውን ኮምፒውተሬን ከፍቼ አዲሱን ካርድ ስሰካ፣ ከፓወር ሰፕላዩ (ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ ከሚያከፋፍለው ክፍል) ለካርዱ የሚሆን ገመድ አልወጣም፤ ዋቱም አይበቃም ነበር። ፓወር ሰፕላይ ገዛሁ። ቀጥሎ ካርዱ ከሳጥኑ ስለረዘመ ሳጥኑንም ቀየርሁ፤ ላፕቶፕ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ካርዱን መቀየር ራሱ አይታሰብም ነበር። ስለዚህ ያለው ኮምፒውተር ምን ዓይነት እንደሆነ ሳይታይ «መጨመር ብቻ» ማለት ሰውን ያሳስታል። የ400 ዶላሩም ስሌት ለሁሉም አይሠራም፤ እንደ ፎርትናይት ያሉ ነጻ ጌሞች በፕሌይስቴሽን ያለ አባልነት ይሠራሉ።

የክርክሩ ከፋች፦ ትክክል ነዎት፤ ነጻ ጌም ብቻ ለሚጫወት ሰው 400 ዶላሩን ከሂሳቤ አውጥቻለሁ፣ ፓወር ሰፕላዩንም ጨምሬያለሁ። የዲስኩን መከራከሪያ ግን ለወደፊቱ አልተማመንበትም፤ እ.ኤ.አ. በ2024 በ700 ዶላር ገደማ የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 ፕሮ የዲስክ ማጫወቻ የለውም፤ የፈለገ ለብቻው ይገዛል።