ነሐስ የጥንቱን ኅብረተሰብ የለወጠው በጥንካሬው ነው ወይስ በሌላ ምክንያት?

ጥያቄ፦
ስለ ነሐስ ዘመን ሳነብ ዘወትር የሚነገረኝ ነሐስ ከድንጋይና ከመዳብ ይልቅ ጠንካራ መሆኑ ነው። ይሁን እንጂ የመሣሪያ መጠንከር ብቻውን ጽሑፍን፣ ቤተ መንግሥትንና የሩቅ አገር ንግድን እንዴት ሊያስገኝ እንደቻለ አልገባኝም። የምታውቁ ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።

መልስ 1፦
ጥንካሬውን አቅልለው አይመልከቱት። ነሐስ በአብዛኛው ዘጠኝ እጅ መዳብና አንድ እጅ ቆርቆሮ ነው (የቤት ክዳኑን ሳይሆን በተፈጥሮ የሚገኘውን ነጭ ማዕድን ማለቴ ነው)። ንጹሕ መዳብ የሚቀልጠው በ1085 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ ቆርቆሮ ሲጨመርበት ሙቀቱ ዝቅ ይላል፤ ቅልጡም ወደ ቅርጽ ማውጫው በደንብ ይፈስሳል። በመዳብ ቢሠራ ይጣመም የነበረው ረጅም ሰይፍ የተገኘውም በዚህ ነው። መጥረቢያ እንጨት ይቆርጣል፣ ጦርና ቀስት ለአደንም ይሆናሉ፤ ሰይፍ ግን ሰው ከሰው ጋር ለሚዋጋበት ብቻ የተሠራ መሣሪያ ነው።

መልስ 2፦
በእኔ እምነት ዋናው ጉዳይ ቆርቆሮው ነው። መዳብ በብዙ ስፍራ ሲገኝ ቆርቆሮ ግን እንደ መካከለኛው እስያና በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ እንዳለው ኮርንዎል ባሉ ጥቂት ቦታዎች ብቻ ስለሚገኝ፣ ነሐስ የፈለገ መንግሥት ሁሉ ከማያውቃቸው ሕዝቦች ጋር መገበያየት ግድ ሆኖበት ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1900 ገደማ የአሦር ነጋዴዎች ቆርቆሮና ጨርቅ በአህያ ጭነው፣ ዛሬ ቱርክ በምንላት አገር ወደምትገኘው ካነሽ ይመላለሱ ነበር፤ ብድራቸውን፣ ሽርክናቸውንና ክርክራቸውን የጻፉባቸው ከ20,000 በላይ የሸክላ ጽላቶችም እዚያው ተቆፍረው ወጥተዋል። በ1982 በቱርክ ደቡባዊ ጠረፍ በኡሉቡሩን የተገኘችው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ14ኛው ክፍለ ዘመን የሰመጠች መርከብ ደግሞ 10 ቶን ያህል መዳብና 1 ቶን ያህል ቆርቆሮ ጭና ነበር፤ ይህም ነሐስ ከሚሠራበት ምጣኔ ጋር የሚቀራረብ ነው። ይህን ሁሉ ማከማቸትና ማከፋፈል የቻለ ሰው ሥልጣኑም በእጁ ገባ።

መልስ 3፦
አንድ እርማት ልጨምር፤ በሜሶጶጣሚያ ጽሑፍ የጀመረው የቆርቆሮ ነሐስ ከመስፋፋቱ በፊት ስለሆነ፣ ነሐስ ጽሑፍን አስፋፋው እንጂ አላስገኘውም። ገበሬውም ቢሆን ለረጅም ጊዜ በድንጋይ ማጭድ ማጨዱን አልተወም። በቻይና የሻንግ ነገሥታት ከዚህ ውድ ማዕድን ብዙውን ያዋሉት ለአያቶቻቸው መሥዋዕት ለሚያቀርቡበት ዕቃ ነው፤ ከእነዚህም አንዱ ከ800 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ። እንግዲያው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1200 ገደማ በምሥራቃዊ ሜድትራንያን ቤተ መንግሥታቱ ሲወድቁ የቆርቆሮው መንገድም አብሮ ተናግቶ ይሆን?

መልስ 2፦
የሩቁ ንግድ በእርግጥ ክፉኛ ቀንሷል፤ ነሐስ መሥራት ግን አልቀረም። ብረት በየአገሩ ከሚገኝ ድንጋይ ስለሚነጠር፣ ከዚያ በኋላ ባሉት መቶ ዓመታት መሣሪያ ለመሥራት የሩቅ ነጋዴን መጠበቅ እየቀረ ሄደ።