የጣሪያ ዝናብ ለማጠራቀም ፈቃድ ያስፈልጋል?

ጠያቂ፦ ባሕር ዳር ውስጥ 60 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ቤት አለኝ። የቧንቧ ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ (የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የተባለው ለእኛ ሳይሆን አይቀርም) በመጪው ክረምት ከአሸንዳው የሚወርደውን ዝናብ ከፍ ባለ የብረት መቆሚያ ላይ በሚቀመጥ 2,000 ሊትር ሮቶ ለማጠራቀም አስቤያለሁ። ጎረቤቴ ግን ውኃ የመንግሥት ሀብት ስለሆነ ያለ ፈቃድ አይቻልም ይላሉ። እውነት ነውን?

ሕግ አንባቢ፦ ጎረቤትዎ መነሻ አላቸው። የኢትዮጵያ የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የአገሪቱን የውኃ ሀብት የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ያደርገዋል፤ ይሁን እንጂ «የውኃ ሀብት» የሚለው የገጸ ምድርንና የከርሰ ምድርን ውኃ ሲሆን፣ በእጅ ለሚቆፈር ጉድጓድ እንኳ ፈቃድ አይጠይቅም። ስለዚህ መሬት ሳይነካ ከጣሪያ የተቀበሉት ዝናብ ለቤት ፍጆታ እስከዋለ ድረስ የውኃ ፈቃድ የሚያሻው አይመስለኝም። መቆሚያው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የሞላ ሮቶ የሚይዘው ውኃ ብቻ 2 ቶን ስለሚመዝን፣ ብረቱን ከማስበየድዎ በፊት የክፍለ ከተማዎን የግንባታ ፈቃድ ባለሙያ ያማክሩ።

የቧንቧ ሠራተኛ፦ ሮቶውን ከከተማው መስመር ጋር በፍጹም አያገናኙት፤ ግፊት ሲወርድ የጣሪያው ውኃ ወደ መስመሩ ሊመለስና ሰፈሩን ሁሉ ሊበክል ይችላል። በበጋ የተከማቸውን አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ የሚወርደውን የመጀመሪያውን ዝናብ ይድፉት። ከተማችን ወባ ያለባት ስለሆነች ክዳኑንና የትርፍ ውኃ መውጫውን በጥቅጥቅ ወንፊት ይሸፍኑ። ለመጠጥ ከሆነ ማፍላት ወይም በክሎሪን ማከም ግድ ነው።

የሐይቅ ዳር ነዋሪ፦ ሁላችሁም የዘለላችሁት ትርፉን ውኃ ነው። በእርስዎ ጣሪያ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወደ 1,000 ሊትር ስለሚያወርድ፣ በሐምሌ ሮቶው በሁለት ቀን ሞልቶ ይፈስሳል። የእኔው ወደ ጎረቤት ፈስሶ የጭቃ ግድግዳቸውን ሥሩን ቦረቦረውና በሽማግሌ ታርቀን ግድግዳውን አሠርቼላቸዋለሁ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቢደርስ ኖሮ፣ የይዞታ ባለቤት ጎረቤቱን እንዳይጎዳ የሚከለክለው የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1225 ይጠቀስብኝ ነበር። ትርፉን በቱቦ ወደ ራስዎ ጓሮ ወይም ወደ መንገዱ የጎርፍ መውረጃ ይምሩት።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። የብረት መቆሚያውን ትቼ ሮቶውን በዝቅተኛ የድንጋይ መደብ ላይ አስቀምጣለሁ፤ የትርፉን ውኃ ቱቦ ደግሞ ከጎረቤቴ ጋር ሆነን እንለካዋለን።