ስቴም ማሳጠር፦ ተገቢ ማስተካከያ ወይስ ያልሆነ መጠን መሸፋፈኛ?

አስተባባሪ፦
የዚህ ሳምንት ክርክር የተነሣው ባለፈው ቅዳሜ ካየነው ነገር ነው። አንድ አባላችን አዲሱን የኮረኮንች ብስክሌቱን ይዞ ከዋሺንግተን ዲሲው ጆርጅታውን በሲ ኤንድ ኦ ቦይ ዳር አብሮን ወጣ፤ 14 ማይል ያህል ተጉዘን ግሬት ፎልስ ስንደርስ የሁለቱም እጆቹ ትንንሽ ጣቶች ደንዝዘው የውኃ ኮዳውን መክፈት አቃተው። ብስክሌቱን የሸጠለት ሰው ስቴሙን፣ ማለትም መሪውን ከፎርኬላው (የፊት ጎማውን ከያዘው ሹካ) አንገት ጋር የሚያያይዘውን አጭር ክንድ፣ ከ100 ሚሊ ሜትር ወደ 80 እንዲያሳጥረው መክሮታል። ገሚሶቻችሁ "ለውጠው፣ ይገላግልሃል" ስትሉት ገሚሶቻችሁ "ከመነሻው ያንተ ያልሆነ መጠን ነው የተሸጠልህ" ብላችሁታል። እስቲ በጽሑፍ እንከራከርበት፤ ሁለታችሁም ወገኖች ምክንያታችሁን አስቀምጡ።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦
እኔ መሸፋፈኛ ነው ከሚሉት ወገን ነኝ። ቴላዮ፣ ማለትም የብስክሌቱን ዋና አጽም፣ የሚነድፈው ባለሙያ የነጂው ክብደት በሁለቱ ጎማዎች ላይ እንዴት እንደሚከፋፈል አስቦ ነው የስቴሙን ርዝመት የሚወስነው። ስቴሙ ሲያጥር ትከሻችን ወደ ኋላ ይሳባል፣ የፊት ጎማውም ይቀለዋል። ይህ አስፋልት ላይ እምብዛም አይታወቅም፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ላውደን ካውንቲ ባሉት የጠጠር ቁልቁለቶች ላይ ግን ኩርባው መሐል ፊቱ ወደ ውጭ ሲንሸራተት ልብ ቀጥ ያደርጋል። ለ100 ሚሊ ሜትር በተሠራ ብስክሌት ላይ 60 አስገብቼ አንድ በጋ ስለነዳሁ የምናገረው ከራሴ ነው፤ ዳገት ላይ የፊት ጎማዬ እንደ ሰካራም ግራና ቀኝ ይል ነበር።

መካኒኩ፦
ወንድሜ፣ ፍርሃትዎ መሠረት አለው፤ ነገር ግን 40 ሚሊ ሜትር አሳጥረው ያዩትን ችግር 20 ሚሊ ሜትር ለሚያሳጥር ሰው ማስፈራሪያ ማድረግዎ ተገቢ አይመስለኝም። ስቴም ሲያጥር መሪው "ቶሎ ይዞራል" የሚለው ወሬም ሲጋነን ነው የምሰማው። እንደ በግ ቀንድ የታጠፈ መሪ የያዘ ሰው እጁን የሚያሳርፈው ስቴሙ ጫፍ ላይ ሳይሆን ከዚያ ወደ ፊት ወጣ ብሎ በፍሬን እጀታዎቹ ላይ ነው። ስፋቱ 44 ሴንቲ ሜትር የሆነ መሪ ወስደን፣ እጆቹ ከስቴሙ ጫፍ 14 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ይወጣሉ ብንል፣ ከመዞሪያው ዘንግ እስከ እጅ ያለው ርቀት 32 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል፤ ስቴሙን በ20 ሚሊ ሜትር ስናሳጥር ወደ 31 ይወርዳል። ይህ ከመቶ አምስት እጅ እንኳ አይሞላም። የብስክሌቱን ጠባይ በይበልጥ የሚወስኑት የፎርኬላው አንገት ዘንበል ያለበት ማዕዘንና ፎርኬላው ወደ ፊት የወጣበት መጠን ናቸው፤ እነዚህን ደግሞ ስቴም አይነካቸውም።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሌላ ነገር አለ። አንገቱ 71 ዲግሪ በሆነ ብስክሌት ላይ፣ ወደ ታች 6 ዲግሪ የሚያዘነብለውን የተለመደ ስቴም ከ100 ወደ 80 ስትለውጡ መሪው ወደ እናንተ 19 ሚሊ ሜትር ተኩል ይቀርባል፣ ከዚያው ጋር ግን 4 ሚሊ ሜትር ተኩል ዝቅ ይላል። እጁ የሚደነዝዝ ሰው መሪው እንዲወርድበት አይፈልግም። ስለዚህ በዘንጉ ላይ አንድ ቀለበት መጨመር፣ ወይም ስቴሙን መገልበጥ ያስፈልጋል፤ የ80ው ስቴም ሲገለበጥ መሪውን 1 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ አድርጎ ሌላ 5 ሚሊ ሜትር ያቀርበዋል። መልኩ አያምርም የሚሉ አሉ፤ እኔ የደነዘዘ ጣትም ሲያምር አላየሁም።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦
ስሌትዎን ተቀብያለሁ። ክብደቱ ወደ ኋላ ስለመሄዱ ግን አልመለሱልኝም። አጭር ስቴም እንዲሁ ጉዳት የለውም ከተባለ፣ ኢቭል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2019 ሻሚ ሃጋር የሚባለውን የጠጠር ብስክሌት በ50 ሚሊ ሜትር ስቴም ሲያወጣ ስለ ምን ቴላዮውን አስረዝሞ፣ አንገቱንም ወደ 66.67 ዲግሪ አጋድሞ የፊት ጎማውን አራቀው? አጭሩ ስቴም የሠራው ሌላው ሁሉ አብሮት ስለተለወጠ ነው። እኛ ስቴሙን ብቻ ቀንሰን ያንኑ ውጤት ልንጠብቅ አንችልም።

ፊዚዮቴራፒስቷ፦
ሁለታችሁም ስለ መሪ ትከራከራላችሁ፤ ኮርቻውን ያየው አለ? የትንሿ ጣት መደንዘዝ ብዙውን ጊዜ በመዳፍ ጠርዝ በኩል የሚያልፈው ነርቭ ሲጫን የሚመጣ ነው፤ ነርቩ የሚጫነው ደግሞ የላይኛው አካል ክብደት እጅ ላይ ሲወድቅ ነው። የኮርቻው አፍንጫ ወደ ታች ካዘነበለ ነጂው ወደ ፊት ስለሚንሸራተት ቀኑን ሙሉ ራሱን በእጁ እየገፋ ይውላል፤ ያን ጊዜ ስቴሙ 80 ሆነ 100 ልዩነቱ ትንሽ ነው። የኮርቻው ቦታ የሚለካው ከፔዳሉ ተነሥቶ ነው። መሪው ሩቅ ሆነብኝ ብሎ ኮርቻን ወደ ፊት መግፋት ጉልበትን ለማሳመም ጥሩ መንገድ ነው። ኮርቻው ቦታውን ከያዘ በኋላ የሚቀረው ርቀት ነው የስቴም ሥራ።

ከአዲስ አበባ፦
እህታችን ያሉት እውነት ነው። እኔ ግን የምትከራከሩበት ነገር ራሱ ሊቀርብን ነው ብዬ እሰጋለሁ። አሁን አሁን መሪውና ስቴሙ አንድ አካል ሆነው፣ የፍሬኑ ቱቦም በውስጣቸው አልፎ የሚመጡ ብስክሌቶች በዝተዋል። እኔ እንጦጦ ጀርባ ባለው ኮረኮንች የምነዳው ብስክሌት ስቴሙ ለብቻው ስለሆነ አራቱን የፊት ቡሎኖች በብሩጎላ ፈትቼ፣ ዘመድ በሻንጣ ያመጣልኝን 90 ሚሊ ሜትር በሃያ ደቂቃ ለውጫለሁ። ጓደኛዬ ግን አንድ አካል የሆነውን ስለገዛ፣ ለ10 ሚሊ ሜትር ብሎ መሪውን በሙሉ መግዛት፣ ቱቦውን ማላቀቅ፣ የፍሬን ዘይት እንደገና መሙላት ሊኖርበት ነው። ሻጭ ገንዘብ ከመቀበሉ በፊት ደንበኛውን አስቀምጦ ስቴሙን ያለ ክፍያ የመለወጥ ግዴታ ሊኖርበት ይገባል ባይ ነኝ።

መካኒኩ፦
በግዴታው እስማማለሁ፤ ሱቅ ውስጥ ቆሞ መለካት ግን ኮረኮንች ላይ ሁለት ሰዓት መቀመጥን አይተካም፤ ስለዚህ ግዴታው ቢያንስ አንድ ወር ሊቆይ ይገባዋል። ስለ ክብደቱ ለተጠየቅሁትም፣ አዎ፣ ወደ ኋላ ይሄዳል። ስለዚህም ነው እኔ ከ20 ሚሊ ሜትር በላይ ማሳጠር የሚያስፈልገው ሰው ሲመጣ ስቴም የማልሸጥለት፤ አነስ ያለ ቴላዮ ያስፈልገዋል።

ቤታችሁ ለምትለውጡ አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። መጀመሪያ የላይኛውን ክዳን ኩሺኔታው መንቀጥቀጡን እስኪተው ብቻ አጥብቁ፣ ቀጥሎ የጎን ቡሎኖቹን ተራ በተራ እያፈራረቃችሁ በስቴሙ ላይ በተጻፈው ልክ፣ ብዙ ጊዜ 5 ኒውተን ሜትር፣ እሰሩ። የጎኖቹን አስቀድሞ የሚያጠብቅ ሰው ክዳኑን ቢያጠብቅ ባያጠብቅ ምንም አይለውጥም፤ አንገቱ እየተንቀጠቀጠ ቁልቁለት ይወርዳል።

የብስክሌቱ ባለቤት፦
ትናንት ማታ በኮርቻው ላይ ውኃ ልክ አስቀምጬ አየሁ፤ አፍንጫው በግልጽ አዘንብሏል። አስተካክዬ ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ነዳሁ፤ ግራ እጄ ዳነ፣ ቀኙ ገና ነው። ቅዳሜ ቦይ ዳር ለጥ ያለውን መንገድ ትተን ወደ ላውደን ኮረብቶች እንውጣ። መካኒኩ የ90ውንም የ80ውንም ስቴም ቢያመጡልኝ በአንዱ ቁልቁለት ሁለቱንም እሞክራለሁ፤ የሲልቨር ስፕሪንጉ ወንድማችን ደግሞ ኩርባው ላይ ቆመው የፊት ጎማዬን ይመልከቱልኝ።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦
እቆማለሁ። የትኛው ስቴም እንደገባ ግን አስቀድማችሁ አትንገሩኝ።