ገጭቶ ሰው የገደለ ሾፌር፦ አንዱ 1 ዓመት ከ6 ወር፣ ሌላው 6 ዓመት፤ ለምን?

ሲኖትራክ፦
ሁለቱም ሾፌሮች ናቸው፣ ሁለቱም አንድ አንድ እግረኛ ገጭተው ሞቶባቸዋል። አንዱ 1 ዓመት ከ6 ወር ቀላል እስራት፣ ሌላው 6 ዓመት ጽኑ እስራት ተፈረደበት። ዳኛው ደስ ያለውን ነው የሚቆርጠው ወይስ ስሌት አለው?

አንቀጽ በአንቀጽ፦
ስሌት አለው። ትልቁ ልዩነት ግን የሚመጣው ገና ክሱ ሲጻፍ ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ በቸልተኝነት ሰው መግደል አንቀጽ 543 ነው። ንዑስ 2 እንደ ሾፌርና ሐኪም የሰው ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበትን ይመለከታል፤ ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራትና ከ3,000 እስከ 6,000 ብር መቀጮ ያስከትላል። ንዑስ 3 ከሆነ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ነው፤ መቀጮውም ከ10,000 እስከ 15,000 ብር ይደርሳል።

ወደ ንዑስ 3 የሚያሻግረው የሟቾች ቁጥር ሁለትና ከዚያ በላይ መሆን፣ መጠጥ ወይም አደንዛዥ ነገር፣ ወይም ግልጽ ደንብ መጣስ ነው። ጭቅጭቁ ያለው የመጨረሻዋ ላይ ነው። ለመሆኑ ደንብ ሳይጣስ የሚደርስ አደጋ ስንት አለ? ክሱ «ከተገቢው በላይ እየፈጠነ» ብሎ ካለፈ፣ ፍጥነቱ በምን ተለካ? በትራፊክ ፕላኑ (ትራፊክ ፖሊስ በሚያነሳው የአደጋው ንድፍ) ላይ የፍሬን ምልክቱ ስንት ሜትር ነው? ሟች የተገጨው ዜብራው ላይ ነው ወይስ ከዜብራው ርቆ? ጠበቃው እዚህ ላይ ካልታገለ ኋላ ማቅለያ (ቅጣት የሚቀንስ ምክንያት) ቢደረድር ብዙ አያተርፍም።

ችሎት ፊት፦
እስማማለሁ፤ ማቅለያውን ግን አትናቀው። ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ ግራ ቀኙ የቅጣት አስተያየት ይሰጣሉ። ፍርድ ቤቱ በቅጣት አወሳሰን መመሪያ ቁጥር 2/2006 መነሻ እርከን (የቅጣት ደረጃ) ይይዝና በማክበጃ (ቅጣት በሚጨምር ምክንያት) ያወጣዋል፣ በማቅለያ ያወርደዋል። ማቅለያው ሲበዛ ከ5 ዓመቱ ወለል በታችም ሊገባ ይችላል።

በአንቀጽ 82 ከተዘረዘሩት ለሾፌር ዋናው ጸጸት ነው፤ ተጎጂውን ሐኪም ቤት ማድረስ፣ እጅ መስጠት፣ ጉዳቱን መካስ። ለቤተሰቡ የተከፈለ ገንዘብ ካለ ደረሰኙና የሽማግሌዎች የእርቅ ሰነድ ይያያዝ፤ በቃል «ታርቀናል» ማለት ዋጋ የለውም። የቤተሰብ ኃላፊነትና ሕመም ሕጉ በስም ያልጠራቸው ስለሆኑ በአንቀጽ 86 ነው የሚቀርቡት፤ ዳኛውም ሲቀበላቸው ምክንያቱን መጻፍ አለበት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የእምነት ክህደት ቃሉ ላይ ነው። «አዎ ገጭቻለሁ፣ ግን ሟች ነው ዘሎ የገባብኝ» ያለ ሰው አላመነም። ክሱ ላይ ያለውን በሙሉ ካልተቀበለ እንደ ካደ ተቆጥሮ ምስክር ይሰማበታል፤ በማመን የሚገኘው ማቅለያም ያመልጠዋል።

ሲኖትራክ፦
ገጭቶ ካመለጠስ?

ባለ መዝገብ፦
ያኔ አንቀጽ 575 ይደረባል፤ በአደጋ ላይ ያለን ሰው አለመርዳት። ሁለት ወንጀል ስለሆነ ተደራራቢ ተብሎ ይከብድበታል።

ከላይ ያልተነሳ አንድ ነገር ልጨምር። ሰክሮ በመንዳቱ በ543/3 የተከሰሰ ሰው ላይ ዐቃቤ ሕግ ስካሩን እንደገና ማክበጃ አድርጎ ሲያቀርበው ይታያል። አይቻልም። ሕጉ አንዴ አንቀጹን ለማክበድ የተጠቀመበትን ሁኔታ ድጋሚ መቁጠር በአንቀጽ 84 ተከልክሏል። የቅጣት አስተያየቱን ስታነብ መጀመሪያ ይህን ፈልግ።

ገደብ (ቅጣቱ ሳይፈጸም ለፈተና ጊዜ መታገዱ) ሲታሰብ ደግሞ የ5 ዓመት መስመር አለ፤ ከ5 ዓመት በላይ ጽኑ እስራት የተፈረደበት ገደብ አያገኝም። ያ 1 ዓመት ከ6 ወር የተፈረደበት ግን የቀድሞ ጥፋት ከሌለበት መጠየቅ ይችላል፤ ከተፈቀደለት የፈተናው ጊዜ ከ2 እስከ 5 ዓመት ነው። 6 ዓመት የተፈረደበት የሚጠብቀው አመክሮ (ቅጣቱን ሳይጨርስ በቅድመ ሁኔታ መፈታት) ነው፤ ሁለት ሦስተኛውን ማለትም 4 ዓመት ሲጨርስ፣ ያውም ጠባዩ ተመስክሮለትና የቻለውን ያህል ክሶ። በጣቢያና በማረፊያ ቤት የቆየባት ጊዜ ከቅጣቱ ትታሰባለች። ፍርዱ ላይ «ከታሰረበት ቀን ጀምሮ» የሚለው ቀን በትክክል መጻፉን እዚያው ችሎት ላይ አረጋግጡ፤ ስህተቱ ማረሚያ ቤት ከገባ በኋላ ለማረም ሌላ አቤቱታ ይጠይቃል።