የጂኦካሺንግ ካርታ፦ ትክክለኛው ነጥብ ለማንም ይታይ ወይስ አካውንት ላለው ብቻ?

አወያይ፦
ለአዲስ ገቢዎች ባጭሩ። በጂኦካሺንግ አንዱ ውሃ የማያስገባ ዕቃ ይደብቅና የቦታውን ኮኦርዲኔት ካርታ ላይ ያወጣል፤ ሌላው በጂፒኤስ ፈልጎ ያገኘዋል፣ ውስጡ ባለው ወረቀት ላይ ፈርሞ ወደነበረበት ይመልሰዋል። በአማርኛ ሜኑ ለሚዘጋጀው ካርታ ሁለት ሐሳብ ቀርቧል። ሀ፦ ካርታውን የከፈተ ሁሉ ትክክለኛውን ነጥብ ያያል። ለ፦ አካውንት የሌለው ሰው አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ አራት ማዕዘን ብቻ ያያል፤ ነጥቡ የሚገለጥለት በአካውንቱ ሲገባ ነው። ከድምፅ በፊት ምክንያታችሁን ከነቁጥሩ አምጡ።

እንጦጦ ዱካ፦
እኔ ሀ ነኝ። ጨዋታው ራሱ የተጀመረው በግልጽ ነው። የአሜሪካ መንግሥት የጂፒኤስ ምልክት ላይ ሆን ብሎ ይጨምረው የነበረውን ስሕተት እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 2000 አነሣ። በማግስቱ ኦሪገን ውስጥ አንድ ሰው ጥቁር ባልዲ ደብቆ ቁጥሩን ሙሉውን ማንም በሚያነበው የውይይት መድረክ ላይ ለጠፈ፤ በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ሰው አገኘው። አካውንት አምጡ ያለ አልነበረም።

ነጥቡን ስላወቀ ደግሞ የፈላጊው ሥራ አያልቅም። በተለመደው አጻጻፍ፣ ማለትም ዲግሪና ደቂቃ ከሦስት ዴሲማል ጋር፣ የኬክሮስ የመጨረሻዋ አኃዝ 1.85 ሜትር ናት። ስልክ ሰማዩ ወለል ባለበት ቦታ 5 ሜትር ገደማ ይስታል፤ ባሕር ዛፍ ሥርና ገደል ጥግ ይብሳል። ደባቂውም በስልክ ከለካ የሁለቱ ስሕተት ይደራረባል። ስለዚህ ነጥቡ በእጁ ያለ ሰው እንኳ 10 ሜትር ዙሪያውን መፈተሽ አለበት። በሐሳብ ለ ከሄድን ግን ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ዳገት ላይ ቆሞ የአካውንቱ መግቢያ ኮድ በኤስኤምኤስ እስኪመጣለት ሊጠብቅ ነው። አይጠብቅም፤ አፑን ዘግቶ ይወርዳል።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
እንጦጦ፣ ያ የዛሬ ሃያ ምናምን ዓመት ነው። ዛሬ ትልቁ ድረ ገጽ ጂኦካሺንግ ዶት ኮም ራሱ ኮኦርዲኔት የሚያሳየው ለተመዘገበ ሰው ነው፤ ምዝገባው በነፃ ነው። ክዳኑ ደህና የሆነ የምሳ ዕቃ ያገኘ መንገደኛ እኮ ትቶት አይሄድም፤ ይዞት ይሄዳል።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከዕቃው ይልቅ ቦታው ነው። ደቡብ ጎንደር ያሉትን የቤተ ክርስቲያን ደኖች አስቧቸው። ዙሪያቸው ታርሶ አልቋል፤ የብዙዎቹ ስፋት ጥቂት ሄክታር ነው። አንተ ያልከው 10 ሜትር ዙሪያ ሲሰላ ከ300 ካሬ ሜትር በላይ ነው፤ በመጣው ፈላጊ ቁጥር ያን ያህል ቡቃያ ይረገጣል። እርግጥ ያለ ሰበካ ጉባኤው ፈቃድ እዚያ መደበቅም አይገባም። እኛ ጋ ዋሽንግተን ዲሲም ሮክ ክሪክ ፓርክ የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት መሬት ስለሆነ ዕቃ ያለ ፈቃድ አይቀመጥበትም። የሚከለክል ሰው በሌለበት ቦታ ቢያንስ ካርታው ፍጥነቱን ይቀንስ።

ዳታ ዘበኛ፦
መርሁን ለእናንተ ልተው። ለ ቢያሸንፍ እንዴት እንደሚሠራ ካልተስማማን መሸፈኑ ለይስሙላ ይሆናል።

የመጀመሪያው ስሕተት ገጹ በተከፈተ ቁጥር ነጥቡን በዘፈቀደ ማንቀሳቀስ ነው። በ500 ሜትር ክብ ውስጥ እያዘዋወርኸው ከሆነ አንድ ሰው ገጹን 100 ጊዜ ከፍቶ አማካዩን ቢወስድ በየአቅጣጫው ወደ 25 ሜትር ይጠጋል። ይህን የሚሠራ ስክሪፕት አሥር መስመር አይሞላም። በዘፈቀደ ፈንታ ኬክሮሱንም ኬንትሮሱንም ወደ 0.01 ዲግሪ ቁረጠው፤ የ1.1 ኪሎ ሜትር አራት ማዕዘን ይወጣል፣ ሺህ ጊዜ ቢከፈትም አይለወጥም።

ሁለተኛ፣ በአራት ማዕዘኑ መሀል ፒን አትትከሉ። ካንሳስ ውስጥ ፖትዊን አጠገብ ያለ አንድ እርሻ የደረሰበት ይታወቃል። የኢንተርኔት አድራሻን ወደ ቦታ የሚቀይር አንድ ኩባንያ «አሜሪካ ውስጥ ነው፣ ከዚያ በላይ አላውቅም» ለማለት የአገሩን መሀል ቁጥር አጠጋግቶ ሲሰጥ ነጥቡ እርሻው ላይ አረፈ። ፖሊስም፣ ተጭበርበርን የሚሉም ለዓመታት ቤቱን ሲያንኳኩ ኖሩ። ነገሩ በ2016 ይፋ ሲወጣ ኩባንያው ነጥቡን ወደ ሐይቅ አዛወረው። እኛም አራት ማዕዘኑን ቀለም ቀብተን እንተወው፤ መሀሉ የሰው ግቢ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው በብዛት የሚታየው ነው፤ ሰርቨሩ ትክክለኛውን ቁጥር ልኮ ብሮውዘሩ ላይ መሸፈን። ሰርቨሩ የላከውን የሚያሳየውን የብሮውዘር ቁልፍ፣ ኤፍ 12ን፣ የነካ ሁሉ ያነበዋል። መቁረጡ ከሰርቨሩ ሳይወጣ በፊት ይሁን።

በጓሮ በር የሚወጡም አሉ። «ከአንተ 740 ሜትር» የሚል ጽሑፍ ካለ ከሦስት ቦታ ርቀቱን አንብቦ ሦስት ክብ የሣለ ሰው ክቦቹ ዕቃው ላይ ይገናኙለታል። ስልኩ ያለበትን ቦታ በሐሰት ከሞላ ደግሞ ከወንበሩም አይነሣም። ካርታው ሲንቀሳቀስ «በዚህ መስኮት ውስጥ ምን አለ?» ብሎ ሰርቨሩን ይጠይቃል፤ መስኮቱን በግማሽ በግማሽ እያጠበበ የጠየቀ ሰው ከ1.1 ኪሎ ሜትር ተነሥቶ ከ10 ሜትር በታች ለመውረድ በየአቅጣጫው ሰባት ጥያቄ፣ በድምሩ 14 ይበቃዋል። ስለዚህ ፍለጋውም ርቀቱም በተቆረጠው ቁጥር ላይ ብቻ ይሥራ። ሰዎች የሚጭኑት ፎቶም በሆዱ ጂፒኤስ ይዞ ይመጣል፤ ሲጫን ይራገፍ።

እንጦጦ ዱካ፦
ይህን ሁሉ አጥር አጥረህ ስታበቃ ደባቂው የፍንጭ ሣጥን ውስጥ «ከታችኛው በር በስተግራ፣ ሦስተኛው ድንጋይ» ብሎ ይጽፋል። ዕቃ በዕቃ መካከል ቢያንስ 161 ሜትር ይኑር የሚለው የታወቀ ሕግ በአንድ አራት ማዕዘን ውስጥ ወደ 50 ዕቃ ያስገባል፤ እኛ ጋ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ብቻ ነው የሚኖረው። አንድ ዕቃ ከአንድ ፍንጭ ጋር ማለት ነጥቡ ራሱ ነው።

ዳታ ዘበኛ፦
ትክክል ነህ፤ ለ ካለፈ ፍንጩም ከነጥቡ ጋር ይሸፈናል። በዝርዝሬ ውስጥ አላስገባሁትም ነበር።

እመት ካርታ፦
ልጆች፣ በአካውንት ከመጣላታችሁ በፊት ሰው ካርታው ላይ ለምን እንደሚጠፋ እንይ። ነጥቡን ክፈቱትም ዝጉትም፣ በተሳሳተ ቁጥር የገባ ዕቃ አይገኝም።

አንደኛ፣ አጻጻፉ። 9° 30 ደቂቃን 9.30 ብሎ የሚያስገባ ሰው አለ። በዴሲማል 9.50 ነው፤ የ0.2 ዲግሪ ልዩነት 22 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደባቂው የሚሞላው ፎርም አንድ ረጅም ሣጥን ብቻ ካለው ይህ መቼም አይጠፋም። ዲግሪ ለብቻ፣ ደቂቃ ለብቻ ይሁን። ደቂቃው 60 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ አይቀበል። ገና ሲጻፍ ነጥቡ ከሥሩ ባለ ትንሽ ካርታ ላይ ይታይ፤ አዲስ አበባ ነው ያለው ዕቃ ፍቼ አካባቢ ካረፈ ሰውየው ራሱ ያየዋል።

ሁለተኛ፣ የድሮው ባለ 1፡50,000 የወረቀት ካርታ። የተሠራው አዲንዳን በሚባለው የኮኦርዲኔት መለኪያ መነሻ ነው፤ ስልክ የሚሠራው ደብሊውጂኤስ 84 በሚባለው ሌላ መነሻ ነው። ከወረቀቱ ላይ የፍርግርጉን ቁጥር አንብቦ እንዳለ ስልክ ውስጥ ያስገባ ሰው አዲስ አበባ አካባቢ ከ200 ሜትር በላይ ይስታል። የምሥራቁ ልዩነት ወደ 90 ሜትር ነው፣ የሰሜኑ ከእጥፍ ይበልጣል። «ቁጥሩን ከየት አገኙት?» የሚል ምርጫ ፎርሙ ላይ ይጨመርና ሰርቨሩ ይቀይረው።

ሦስተኛ፣ የቦታ ፍለጋ። ሥላሴ፣ ስላሴ፣ ሥላሤ፤ ጸበል፣ ፀበል። አንዱን የጻፈ ሁሉንም ማግኘት አለበት። ሀ፣ ሐ፣ ኀ ወደ አንድ፤ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ እንዲሁ፤ ግን ለፍለጋው ብቻ፣ የሚታየው ስም እንደተጻፈ ይቆይ። ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ከአካውንቱ ክርክር ይልቅ ብዙ ሰው የሚጠቅመው ይሄ ነው ባይ ነኝ።

ምልክቶቹስ? «የተገኘ» አረንጓዴ፣ «ያልተገኘ» ቀይ ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ሁለቱን ቀለም መለየት የማይችል ሰው ብዙ ነው። ቅርጽም ይለያያቸው። ጣት የሚነካው ስፋት ደግሞ ከ9 ሚሊ ሜትር እንዳያንስ፤ ምልክቱ ራሱ ትንሽ ሊሆን ይችላል።

ሃይፋ፦
በእመት ካርታ ላይ አንድ ልጨምር። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ሰሜን እስራኤል ውስጥ ጂፒኤስ ሲታወክ ስልኮች ቤሩት ኤርፖርት ላይ ነን ይሉ ነበር። እንዲህ ባለ ቀን «ያለሁበትን አሳይ» የሚለው ቁልፍ ብቻውን ዋጋ የለውም። ሰው ካርታውን በጣቱ ተጭኖ «እዚህ ነኝ» ማለት ይቻለው፤ የስሕተቱም ስፋት በክብ ይሣል።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
እመት ካርታ፣ ያሉትን ሁሉ እቀበላለሁ፤ ግን ክርክሩን አይዘጋውም። እኔ አሁን የምለው ደባቂው ራሱ ይምረጥ ነው። ከተማ ውስጥ ካፌ አጥር ላይ የተለጠፈች ጣት የምታህል ብልቃጥ ክፍት ትሁን፤ ደን ውስጥ ያለው ሳይመረጥ ዝግ ሆኖ ይጀምር። የጦር ካምፕ፣ የትምህርት ቤትና የጥብቅ ቦታ ክልል ኦፕንስትሪትማፕ በሚባለው ነፃ ካርታ ላይ ከተሣለ ፎርሙ ገና ሲሞላ ያስጠንቅቅ። ክልሉ ስላልተሣለ ግን ተፈቅዷል ማለት አይደለም፤ ይህ ዓረፍተ ነገር በፎርሙ ላይ በጉልህ ይጻፍ።

እንጦጦ ዱካ፦
«ደባቂው ይምረጥ» የሚለውን ልቀበል እችላለሁ፣ ካርታው ኦፍላይን፣ ማለትም ያለ ኔትወርክ፣ የሚሠራ ከሆነ። ቤቱ ሆኖ አንድ ጊዜ በአካውንቱ የገባ ሰው የሚሄድበትን ሰፈር አውርዶ ይውጣ። መጠኑም አያስፈራም። ካርታው የሚወርደው ታይል በሚባሉ ትናንሽ ካሬ ሥዕሎች ነው፤ የዙሙ ቁጥር ከፍ ሲል ዝርዝሩም የታይሉም ብዛት ይጨምራል። 30 በ30 ኪሎ ሜትር የሚሆን ከተማ በዙም 16 ወደ 2,500 ታይል ነው፤ ከ12 ጀምሮ ሲደመር 3,300 ገደማ። አንዱ 15 ኪሎባይት ቢሆን 50 ሜጋባይት። ዙም 18ን የጨመረ ግን 40,000 ታይል፣ 600 ሜጋባይት ይጨምራል፤ በየደረጃው አራት እጥፍ ነውና 16 ላይ እናቁም። ነጥቡ ለብቻው ስለሚወርድ የካርታው ዙም ዝቅ ማለቱ አያሳስተውም። ታይሉን ከኦፕንስትሪትማፕ የራሱ ሰርቨር በጅምላ ማውረድ ክልክል ነው፤ ከዳታው የራሳችንን እናዘጋጅ።

ዳታ ዘበኛ፦
እንግዲያው የእኔ ድምፅ በቅድመ ሁኔታ ነው። የርቀቱ፣ የመስኮቱ፣ የፎቶውና የፍንጩ ቀዳዳ ካርታው ከመከፈቱ በፊት ከተደፈነ የሲልቨር ስፕሪንግን እደግፋለሁ። አንዱ እንኳ ለኋላ ከተባለ ሀ ይሻላል፤ ተሸፍኗል ብሎ አምኖ ደን ውስጥ የሚደብቅ ሰው ክፍት መሆኑን ከሚያውቀው የበለጠ ይጎዳል።

እመት ካርታ፦
ደባቂው ካርታውን ትቶ ከጠፋስ? ደኑ ውስጥ ያለውን ነጥብ ማን ይከፍታል፣ ማንስ ሄዶ ዕቃውን ያነሣል? ምርጫውን ለእሱ የሰጣችሁ ሁለታችሁ መልሱልኝ።