በጣና ዳር ረግረግ ካርታ ላይ ደንገል፣ ሩዝና እምቦጭ ተቀላቀሉብኝ

ጥያቄ (ጀማሪ ካርታ)
ሰላም ለሁላችሁ። በፎገራ በኩል ያለው የጣና ዳር ረግረግ ምን ያህል ወደ እርሻ እንደተቀየረ ለማወቅ የሚያዝያ 2003 የላንድሳት 7 ሳተላይት ምስልን ከጥቅምት 2023 የሴንቲነል-2 ሳተላይት ምስል ጋር አነጻጸርኩ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ምስሉን በየዓይነቱ የሚመድበው ዘዴ (ራንደም ፎረስት) ደንገሉን ሩዝ፣ እምቦጩን ደንገል ይለዋል። ከድሮው 1፡50,000 ካርታ ያነሳኋቸው ነጥቦችም ከቦታቸው ይሸሻሉ። ዘዴውን የማሠለጥንበት የናሙና ነጥብ ልጨምር?

ሐይቅ ዳር
ነጥቡ ይቆይ፤ መጀመሪያ ምስሎቹን ቀይር። ጣና በመስከረምና ጥቅምት ይሞላል፣ በግንቦት መጨረሻና በሰኔ በጣም ይጎድላል። ስለዚህ ያየኸው ለውጥ ግማሹ የውሃው መውጣትና መውረድ ሊሆን ይችላል። 2003 ደግሞ ለመነሻ የማይሆን ዓመት ነው፤ ሐይቁ እጅግ ስለሸሸ ገበሬው የተገለጠውን መሬት አርሶታል። ከግንቦት 31 ቀን 2003 ወዲህ ያለው ላንድሳት 7ም መሣሪያው ስለተበላሸ ምስሉ ባዶ ሽንትር አለበት፤ ከእያንዳንዱ ምስል 22 በመቶ ያህሉ ይጎድላል። ከ1999 እስከ 2002 ካሉት መነሻ ምረጥ፤ ወሩም የሐይቁ ከፍታም የሚቀራረብ ይሁን።

አረንጓዴ ፒክሰል
በአንድ ቀን ምስል ሦስቱን መለየት አይቻልም፣ በጥቅምት ሁሉም አረንጓዴ ነው። የጥቅምት፣ የየካቲትና የግንቦት ምስሎችን ደርበህ በአንድ ላይ አስገባ። ሩዝ በኅዳርና ታኅሣሥ ስለሚታጨድ በየካቲት ገለባ ወይም ጓያ ነው፤ ደንገል ግን እንደለመለመ ይቆያል። በመስኖ የሚለማ ሽንኩርት በየካቲት ያሳስትሃል፣ የግንቦቱ ምስል የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።
እምቦጭን ነፋስ ይነዳዋል። በአንድ ወቅት ውስጥ የተነሱ አራት አምስት ምስሎች ውሰድ፤ አንዴ ውሃ አንዴ አረንጓዴ የሆነ ፒክሰል (የምስሉ ትንሿ ካሬ) እምቦጭ ነው። ውሃው ሲሸሽ ዳር ላይ የቀረው ግን አይንቀሳቀስም፤ እሱን በዓይንህ እያየህ ለይ። ለክረምቱ ደመና፣ ደመና የማያግደው የሴንቲነል-1 ራዳር አለ፤ ጥቅጥቅ ካለ ደንገል ሥር የተኛን ውሃ ግን እምብዛም አያሳይም።

ቁጥር ይቅደም
ሦስት ነገር ልጨምር። ከጥር 25 ቀን 2022 (በፈረንጅ) ጀምሮ በተዘጋጁ የሴንቲነል-2 ምስሎች እሴት ላይ 1000 ተደምሯል። ጉግል ኧርዝ ኢንጂን (የሳተላይት ምስል በኢንተርኔት የሚተነተንበት መድረክ) ላይ ይህ ልዩነት የተስተካከለበትን «ሃርሞናይዝድ» የሚለውን ስብስብ ካልወሰድክ 2021 እና 2023 ልክ አይነጻጸሩም።
የሴንቲነል-2ን ፒክሰል መጀመሪያ እንደ ላንድሳት ወደ 30 ሜትር አሳድገው። አለዚያ ላንድሳት ያላያት ቀጭን የደንገል መስመር «አዲስ ረግረግ» ሆና ትወጣለች።
ሁለት ካርታ ለየብቻ ሠርቶ መቀናነስም አደገኛ ነው፤ እያንዳንዱ 85 በመቶ ትክክል ቢሆንና ስህተቶቹ ባይገናኙ፣ ሁለቱም ልክ የሚሆኑት 72 በመቶው ላይ ብቻ ነው። 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያልተለወጠ መሬት ላይ 2 በመቶ ስህተት ብቻውን 2 ካሬ ኪሎ ሜትር የውሸት ለውጥ ይፈጥራል። ፒክሰል ቆጥረህ ስፋት አትዘግብ፤ በየክፍሉ ቢያንስ 50 የማረጋገጫ ነጥብ በዕጣ አውጣና ስፋቱን በስህተቱ ልክ አስተካክል።

አሮጌ ካርታ
የነጥቦቹ ነገር ቀላል ነው። የድሮዎቹ ካርታዎች አዲንዳን በሚባለው የድሮ የቦታ መለኪያ መሠረት (ዳተም) የተሠሩ ናቸው፤ ጂፒኤስ እንደሚጠቀምበት ደብሊውጂኤስ 84 ካነበብካቸው 200 ሜትር ገደማ ይሸሻሉ። መጀመሪያ በካርታ ሶፍትዌርህ «አዲንዳን ዩቲኤም 37 ሰሜን» ብለህ ክፈትና ከዚያ ወደ ደብሊውጂኤስ 84 ቀይራቸው። በእጅህ አትግፋቸው።