ገለባ ለባሾቹ ተከፍሏቸው ይምጡ?

የጥያቄው ባለቤት፦ በምዕራብ አየርላንድ ገጠር፣ በሜዮ፣ በስላይጎና በክሌር፣ ድሮ ሰርግ ቤት ማታ ላይ «ገለባ ለባሾች» የሚባሉ ያልተጠሩ ጎረምሶች ይመጡ ነበር። ፊታቸውን ሾጣጣ የገለባ ቆብ ይሸፍነዋል። ማን እንደሆኑ አይናገሩም። መሪያቸው ሙሽሪትን ያስጨፍራል፣ ጠጥተው ጨፍረው ይሄዳሉ። ገዳቸው ጥሩ ነው ይባላል። ዛሬ ሆቴል ድረስ ተከፍሏቸው የሚመጡ ቡድኖች አሉ። ለእኔ ይሄ ልማዱን መግደል ነው። ዋናው ነገር እኮ አለመጠራታቸው ነበር! ድግሱ ያልደረሰው የሰፈር ልጅም ድርሻውን የሚያገኘው በዚያ ነበር።

ደብሊን ነዋሪ፦ አልስማማም ወንድሜ። ሰርጉ ራሱ ከገበሬው ቤት ወጥቶ ሆቴል ገብቷል። እዚያ ፊቱን የሸፈነ ሰው ሳይጠራ ቢመጣ ማን ያስገባዋል? ቆቡን መጎንጎን የሚያውቅ ሰው ሥራ ካላገኘ ሙያውም አብሮት ይቀበራል።

የታሪክ ተማሪዋ፦ ሁለታችሁም ጭፈራውን ብቻ አያችሁ። በ1845 እ.ኤ.አ. ከጀመረው ታላቅ ረሃብ በኋላ መሬት እንዳይበጣጠስ አንድ ወንድ ልጅ ብቻ ይወርስ ነበር። ለወራሹ ሚስት የሚፈልግ አገናኝ ይላካል። የልጅቷ አባት የወራሹን መሬት ዞሮ ያያል፣ ከብቱን ይቆጥራል። ገንዘብ የሚያመጣው ደግሞ የሴቷ ወገን ነው፣ ከእኛ ጥሎሽ የተገላቢጦሽ። ያ ገንዘብ ብዙ ጊዜ የባልየውን እህት መዳሪያ ይሆናል። የቀሩት ልጆች ወይ ይሰደዳሉ ወይ ሳያገቡ ያረጃሉ። በጾም ሰርግ ስለሌለ ሁሉም ከዐቢይ ጾም በፊት ይጣደፋል። ያላገባ ደግሞ በጾሙ የመጀመሪያ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ልብሱ ላይ በጠመኔ ይሰመርበት ነበር። መሬት የሌለው ሰው በምን ያግባ? ይሄንንም ልማድ ብለን እንመልሰው?

የጥያቄው ባለቤት፦ እህቴ፣ ጠመኔው ይቅር፣ እሱስ ማዋረድ ነው። ግን ያልሽው የእኔን ሐሳብ ያጠነክረዋል። መሬት ያልደረሰው ልጅ በዚያች አንድ ማታ የሰው ሰርግ ውስጥ ገብቶ ሙሽራ አስጨፈረ። በክፍያ የሚመጣው ግን ሥራውን ጨርሶ ነው የሚሄደው።

ደብሊን ነዋሪ፦ እሺ፣ ሆቴሉ ይቅር እንበል። ሙሽሮቹ በማግስቱ ቤታቸው ለጎረቤት በር ከፍተው ቢያድሩስ? የሰፈሩ ልጆች ቆቡን ራሳቸው ጎንጉነው ይመጣሉ። ያኔም ትቃወማለህ?

የጥያቄው ባለቤት፦ ያኔማ እኔም ገለባ ፍለጋ እወጣለሁ።